መጠገን ወይስ መቀየር? የሚያፈስ የልብ በር ከጥቁር አንበሳ እስከ ሰፈር ጤና ጣቢያ

ከካዛንቺስ ተነስቶ በስታዲየም በኩል ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለመድረስ ሁለት ታክሲ ይበቃል። ልቡ ለታመመ ልጅ ግን ይህ አጭር መንገድ ለብዙ ዓመታት በቴል አቪቭ፣ በለንደን ወይም በሕንድ በኩል የሚዞር ነበር። ልጁ ይመረመራል፤ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ይነገራል፤ ከዚያ ስሙ ወደ ውጭ ከሚላኩት መዝገብ ገብቶ ወረፋ ይጠብቃል። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን ሲመሠርቱ ሥራው በአብዛኛው የሰው ደጅ እያንኳኩ ልጆችን መላክ ነበር። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዘመኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሆሎን ከተማ የሚገኘው ሴቭ ኤ ቻይልድስ ሃርት የተባለው የእስራኤል ድርጅት ራሱ የተወለደው፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ስለ ሁለት ሕፃናት ለቀዶ ሐኪሙ ለአሚ ኮኸን ካቀረበው ልመና ነው።

በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከል ሲከፈት የጥያቄው ግማሽ መልስ አገኘ። መጀመሪያ ከውጭ የሚመጡ ቡድኖች፣ በኋላም ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞች ራሳቸው ደረት ከፍተው ልብ መሥራት ያዙ። ወረፋው አሁንም በሺዎች የሚቆጠር ነው። ሆኖም ተራው የደረሰ ታማሚ ፊት የሚቀርበው ጥያቄ ተለውጧል። ድሮ "ማን ይልካታል?" ነበር። ዛሬ "የሚያፈሰው በር ይጠገን ወይስ ወጥቶ በሰው ሠራሽ ይተካ?" ሆኗል።

ነገሩ የባለሙያዎች ጉዳይ ይመስላል፤ ታማሚዋም ቤተሰቧም ብዙውን ጊዜ "ሐኪሙ ያውቃል" ብለው ያልፉታል። እኔ እንደማየው ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ማለት ታማሚዋ ቀሪ ዕድሜዋን ከየትኛው መድኃኒት፣ ከየትኛው ላቦራቶሪ፣ ከየትኛው ጤና ጣቢያ ጋር ተቆራኝታ እንደምትኖር መምረጥ ነው። ስለዚህ መልሱ ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ይልቅ በሰፈሯ ይወሰናል።

መጀመሪያ ግን ምኑ ነው የሚያፈሰው? በግራው የልብ ክፍል፣ ከላይኛው ጓዳ ወደ ታችኛው በሚያስገባው መንገድ ላይ ሚትራል የሚባል በር አለ። በሩ ሁለት ስስ ቅጠሎች አሉት። ቅጠሎቹን ከታች በኩል እንደ ድንኳን ገመድ የተወጠሩ ቀጫጭን ጅማቶች ከልብ ጡንቻ ጋር ያስሯቸዋል፤ ዙሪያቸውን ደግሞ ቀለበት ይዟቸዋል። ታችኛው ጓዳ ሲጨመቅ ቅጠሎቹ ገጥመው ይዘጉና ደሙ ወደፊት፣ ወደ ሰውነት ብቻ ይሄዳል። ካልገጠሙ ከፊሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ሳንባን ያጨናንቃል። ይህ በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ልብ ጉድለቱን ለመሸፈን ይሰፋል፣ ይለጠጣል፤ በሩ ያለበት ቀለበትም አብሮ ስለሚሰፋ መፍሰሱ ራሱን እያባባሰ ይሄዳል። ዳገት ስትወጣ የምትቆም፣ ማታ ሁለትና ሦስት ትራስ ደራርባ የምትተኛ፣ እግሯ ሲያብጥ "ኩላሊት ይሆን?" የምትባል ወጣት ሴት ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ ላይ ናት።

አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የሚትራል በር የሚያፈሰው በአብዛኛው ከዕድሜ ጋር ሲላላ ነው። እኛ ዘንድ መነሻው የልጅነት ጉሮሮ ሕመም ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ቶንሲልን ያስቆጣል፤ ሰውነት እሱን ለመዋጋት ያሰለፈው መከላከያ ልብንም ለይቶ ሳያውቅ ይመታል። ልጁ ለጥቂት ሳምንታት ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን ያመዋል፤ ቤተሰብ "ቁርጥማት ነው" ወይም "እያደገ ስለሆነ ነው" ይላል። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ ጉሮሮው የታመመ ጊዜ፣ በፔኒሲሊን ፈንታ እንጥሉ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ይጠፋል። በሩ ላይ የቀረው ጠባሳ ግን በየጊዜው በሚመለስ የጉሮሮ ሕመም እየወፈረ፣ እየጠነከረ ይሄዳል። በ2015 የታተመ ጥናት ጂማ ውስጥ ምንም ሕመም የማይሰማቸውን ተማሪዎች በአልትራሳውንድ አይቶ ከ1,000 ልጆች 31 ያህሉ ላይ ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለውን የዚህን ጠባሳ ምልክት አግኝቷል፤ ኬፕታውን ላይ በተመሳሳይ መንገድ የተገኘው 20 ነበር።

ቀዶ ሐኪሞች ወደዚህ በር የደረሱት በዝግታ ነው። በ1925 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ሱታር የአንዲት የ15 ዓመት ልጅ ልብ እየመታ ሳለ በላይኛው ጓዳ በኩል ጣቱን አስገብቶ በሩን ዳሰሰ። ሊቆርጠው አስቦ ነበር፤ ደሙ ወደ ኋላ ሲመለስ በጣቱ ጫፍ ስለተሰማው ግን ስለቱን ትቶ በጣቱ ብቻ አሰፋው። ልጅቷ ተረፈች። እሱ ግን ሁለተኛ ታማሚ የሚልክለት ሐኪም አላገኘም። ዘዴው የተመለሰው በ1948፣ ፊላደልፊያ ላይ በቻርልስ ቤይሊ፣ ቦስተን ላይ በድዋይት ሃርከን እጅ ነው። ያ ሁሉ ግን ለጠበበ በር ነበር። የጠበበ በር ዛሬም ደረት ሳይከፈት ሊሰፋ ይችላል፤ ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ በ1984 ይፋ ባደረገው ዘዴ በጭን ደም ሥር በኩል ፊኛ ገብቶ በሩ ላይ ይነፋል። የሚያፈሰውን በር ማስፋት ግን ማባባስ ነው። እሱን ለማስተካከል ልብን አቁሞ፣ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ ጆን ጊበን በ1953 በተሳካ ሁኔታ የተጠቀመበት፣ የልብንና የሳንባን ሥራ ለሰዓታት የሚተካ ማሽን መምጣት ነበረበት።

ማሽኑ ሲመጣ አጭሩ መንገድ መቀየር ሆነ። በ1960 አልበርት ስታር ከመሐንዲሱ ሎዌል ኤድዋርድስ ጋር የሠሩትን፣ በቀፎ ውስጥ ኳስ የሚንሸራተትበትን በር በታማሚዎች ልብ ውስጥ መስፋት ጀመረ። ዘዴው አንድ ወጥ ስለሆነ ለማስተማር ይመቻል፤ ውጤቱም ወዲያው ይታያል። መጠገን ግን እያንዳንዱ በር የየራሱ ብልሽት ስላለው ወጥ መመሪያ አልነበረውም።

መመሪያውን ያመጣው ፈረንሳዊው አለን ካርፓንቲየ ነው። በ1983 የታተመው "የፈረንሳይ እርማት" የተሰኘው ንግግሩ በቀዶ ሕክምና ታሪክ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው፤ ቁም ነገሩም በሩን ከመንካት በፊት ቅጠሎቹ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ ማየት ነው። ቅጠሎቹ እንደወትሮው እየተንቀሳቀሱ በሩ ካፈሰሰ ችግሩ የሰፋ ቀለበት ወይም ቀዳዳ ነው፤ ሰው ሠራሽ ቀለበት በዙሪያው ተሰፍቶ በሩ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ቀዳዳውም ይለጠፋል። ቅጠሉ ከልክ በላይ ወደ ላይ ከተገለበጠ ጅማቱ ላልቷል ወይም ተበጥሷል፤ የላላው ክፍል ተቆርጦ ጫፍና ጫፉ ይሰፋል፣ የተበጠሰው ጅማትም በጎርቴክስ ክር ይተካል። ሦስተኛው ዓይነት ቅጠሉ ተጨማዶ የማይንቀሳቀስበት ነው። የሩማቲክ ሕመም ቤቱ እዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሁለተኛው ዓይነት ጋር ተደባልቆ ይመጣል፤ ከኋላ ያለው ቅጠል ተጨማዶ ሲቀር ከፊት ያለው ይገለበጣል።

በዚህኛው ዓይነት ቀዶ ሐኪሙ የሚሠራውን ትንሽ ዘርዘር አድርጎ ማየት ይገባል፤ የክርክሩ ክብደት ያለው እዚያ ነውና። ልብ ቆሞ ላይኛው ጓዳ ሲከፈት የሚታየው በር ነጭና ወፍራም ነው። ሁለቱ ቅጠሎች በማዕዘናቸው ተጣብቀዋል፤ ያ በስለት፣ ትክክለኛውን መስመር ሳይስቱ መከፈት አለበት። በቅጠሉ ላይ የተደረበው ጠባሳ ከስር ያለውን ሕያው ሽፋን ሳይቀድዱ ይላጣል። አንድ ላይ የተጣበቁ ጅማቶች ይሰነጠቃሉ፤ አጥረው ቅጠሉን ወደ ታች የሚጎትቱት ይቆረጡና ሌላ ክር ይገባላቸዋል። ያም ሆኖ ቅጠሉ አንሶ ካልደረሰ፣ ከታማሚዋ ከራሷ የልብ ከረጢት አንድ ቁራጭ ይቆረጥና በግሉታራልዴሃይድ ለደቂቃዎች ተነክሮ እንደ ማስፊያ ይሰፋል። በመጨረሻ ቀለበት ይገባል፤ ገና በማደግ ላይ ላለ ልጅ ግን ዙሪያውን የሚይዝ ጠንካራ ቀለበት ከልቡ ጋር አያድግም፣ ስለዚህ ከፊል ወይም ተጣጣፊ የሆነ ነገር ይመረጣል ወይም ጭራሽ ይተዋል። ከዚያ ታችኛው ጓዳ ውስጥ ጨዋማ ውሃ ተረጭቶ በሩ ይገጥም እንደሆነ ይታያል።

ገጠመ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም። የቆመ ልብ ላይ የገጠመ በር ልብ ሲመታ ሊያፈስ ይችላል። ልብ ይነሳል፤ በጉሮሮ በኩል በሚገባ አልትራሳውንድ በሩ ይመረመራል። አሁንም ካፈሰሰ ቀዶ ሐኪሙ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መወሰን አለበት፤ ልብን መልሶ አቁሞ ይሞክር? ይቀይር? ወይስ ትንሽ መፍሰሱን ተቀብሎ ይውጣ? በማሽን ላይ የሚያልፈው እያንዳንዱ ተጨማሪ ሰዓት አደጋ አለው። ልምድ ያለው ቡድን ከሌለው የሚለየው እዚህ ነው። የሩማቲክ በር ጥገናን እስከ ጥግ የወሰዱት ባንኮክ ላይ ታዊሳክ ቾቲቫታናፖንግ፣ ፖርቱጋል ኮይምብራ ላይ ደግሞ ወጣትነቱን በጆሃንስበርግ የሩማቲክ ታማሚዎችን ሲያክም ያሳለፈው ማኑኤል አንቱኔስ ናቸው። ሁለቱም የተማሩት በብዛት በመሥራት ነው።

ሰሞኑን ስለ ሚትራል በር ዜና የሚከታተል አንባቢ ደረት ሳይከፈት ስለሚገባው መቆንጠጫ ሳይሰማ አይቀርም። ጣሊያናዊው ኦታቪዮ አልፊየሪ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሁለቱን ቅጠሎች መካከል በአንድ ስፌት ማያያዝ ጀመረ፤ በሩ ሁለት ቀዳዳ ይኖረዋል፣ መፍሰሱ ግን ይቀንሳል። ይህንኑ ሐሳብ በጭን ደም ሥር በሚገባ መቆንጠጫ የሚሠራው ሚትራክሊፕ በ2003 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ተሞከረ። ዓለም ለልብ በር የሚያወጣው ገንዘብና የሚያፈልቀው ሐሳብ በአብዛኛው ወደዚህ እየፈሰሰ ነው። ለእኛ ታማሚ ግን ጥቅሙ ውሱን ነው። መቆንጠጫው የተሠራው ለላላ ቅጠል ነው፤ የተጨማደደና የወፈረ በር መካከል ላይ ሲቆነጠጥ ይጠብባል። የ75 ዓመት አዛውንት ችግር ተፈትቶ የ20 ዓመት ወጣት ችግር የሚቀረው በቴክኖሎጂ ድክመት ብቻ አይደለም፤ ገበያው ያለው ከአዛውንቱ ዘንድ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። የብረት በር ገባ እንበል። ደም ብረት ላይ ይረጋል፤ ስለዚህ ታማሚዋ ዕድሜ ልኳን ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። ዋርፋሪን ጠባብ መንገድ ነው፤ ቢያንስ ደም ረግቶ በሩን ይቆልፋል ወይም ወደ አንጎል ይሄዳል፣ ቢበዛ ሰውነት ውስጥ ይደማል። መጠኑ የሚታወቀው አይ ኤን አር በሚባል የደም ምርመራ ሲሆን ለሚትራል ብረት በር ከ2.5 እስከ 3.5 ባለው ውስጥ መዋል አለበት። ይህን ቁጥር ደግሞ ምግብም ያናውጠዋል። ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለፀገ ነው፤ ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ይቃወማል። ስለዚህ ሁዳዴ ሲገባ ማዕዷ ከሥጋና ከወተት ወደ ጎመንና ሰላጣ የሚዞር ታማሚ፣ ፋሲካ ደርሶ እንደገና ስትዞር፣ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ልኳ ይዛባል። ዋርፋሪን ጎመንን አይከለክልም፤ የሚፈልገው የማይለዋወጥ ማዕድ ነው። የእኛ የጾም አቆጣጠር ግን የማዕድ መለዋወጥ ሰሌዳ ነው። ይህን የሚያስተካክለው በተደጋጋሚ የሚደረግ ምርመራ ብቻ ሲሆን፣ ምርመራው ከዋና ከተሞች ሲርቁ እየጠፋ የሚሄድ ነገር ነው።

ከሁሉ የከፋው እርግዝና ነው። ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንስን ይጎዳል። በሄፓሪን መርፌ መተካት ይቻላል፤ ያ ግን ውድና በየቀኑ የሚወጉት ነው፣ በሩ ላይ ደም የመርጋት ስጋቱንም ያሳድጋል። ኢትዮጵያ የተካተተችበት ሬሜዲ የተባለው ጥናት በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በሕንድና በየመን 3,343 የሩማቲክ ልብ ታማሚዎችን መዝግቧል። መካከለኛ ዕድሜያቸው 28 ዓመት ነበር፤ ሁለት ሦስተኛው ሴቶች ናቸው። ደም ማቅጠኛ ከታዘዘላቸው መካከል አይ ኤን አራቸው ልኩ ላይ የተገኘው 28.3 በመቶ ብቻ ነው። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉት ሴቶች የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት 3.6 በመቶ ነበሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ 16.9 በመቶው ሞተዋል። እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ለ20 ዓመት ሴት የብረት በር መምረጥ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ከባድ አይደለም። ከእንስሳ ቲሹ የሚሠራው በር ዋርፋሪንን ያስቀራል፤ ነገር ግን በወጣት ሰውነት ውስጥ ቶሎ ጠንክሮ ይበላሻል፤ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምናን ቀድሞ ቀጠሮ እንደ መያዝ ነው።

ከዋርፋሪን ይልቅ የተሻለ እንክብል ይመጣል የሚል ተስፋም ነበር። በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ ጥናት የሩማቲክ ልብ ሕመምና የተዛባ የልብ ምት ያለባቸውን ከ4,500 በላይ ታማሚዎች አነጻጽሮ፣ ምርመራ የማይጠይቀው ሪቫሮክሳባን ከዋርፋሪን ያነሰ ሆኖ አገኘው፤ ዋርፋሪን የወሰዱት በተሻለ ተርፈዋል።

የተጠገነ በር ይህን ሁሉ ያስቀራል። ስለ ዕድሜው የታወቀው ትልቁ መረጃ ከራሱ ከካርፓንቲየ ቤት የወጣ ነው። በ2001 የታተመው ዘገባ በአማካይ ገና 26 ዓመት ያልሞላቸውን 951 የሩማቲክ ታማሚዎች ተከታትሏል። ከ10 ዓመት በኋላ 82 በመቶው፣ ከ20 ዓመት በኋላ 55 በመቶው ዳግም ቀዶ ሕክምና አላስፈለጋቸውም። ይህን ቁጥር አንድ ሰው በጎ፣ ሌላው መጥፎ ሊለው ይችላል። በአሥር ዓመት ውስጥ ከአምስት አንድ የሚጠጋ ሰው ተመልሶ መከፈቱ፣ ሁለተኛ ወረፋ ማግኘት እንደ ዕድል በሚታይበት አገር፣ ትንሽ ነገር አይደለም። የጥገና ተቃዋሚዎች ክርክር ይህ ነው፤ ክርክራቸውም እውነት አለበት። ያም ሆኖ የበለጠ የሚያሳምነኝ ሌላኛው ወገን ነው። የተጠገነ በር ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ቀስ ብሎ ነው፤ መድከሙ ይሰማል፣ አልትራሳውንዱ ያሳያል። የተዘጋ የብረት በር ግን ጊዜ አይሰጥም። በእነዚያ አሥር ዓመታት ደግሞ ብዙዎቹ ሴቶች ልጅ ይወልዳሉ።

ጥገናን የሚያከሽፈው ምን እንደሆነም ይታወቃል። ሶዌቶ በሚገኘው ባራግዋናት ሆስፒታል የተጠገኑ 254 ወጣት ታማሚዎች ላይ የተሠራ፣ በ1994 የታተመ ጥናት ዳግም ቀዶ ሕክምናን አስቀድሞ የሚጠቁመው በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ልብ ላይ ያልበረደ የሩማቲክ መቆጣት መኖሩ እንደሆነ አሳየ። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ እሳቱ ሳይበርድ መቸኮል አይገባም፤ ታማሚዋ እየሞተች ካልሆነ በቀር። ሁለተኛው የበለጠ ክብደት አለው። የተጠገነው በር የታማሚዋ የራሷ ሥጋ ነው፤ ስለዚህ የሚቀጥለው የጉሮሮ ሕመም መልሶ ሊመታው ይችላል። የብረት በርን ስትሬፕቶኮከስ በዚህ መንገድ አያጠቃውም። መቀየር ታማሚዋን ከዋርፋሪን ጋር ያቆራኛታል፤ መጠገን ከፔኒሲሊን ጋር።

ይህ ልውውጥ ለእኛ ይበጃል። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ፣ ርካሽ፣ የላቦራቶሪ ምርመራ የማይጠይቅ መድኃኒት ነው። ነርስ ያለበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ሊሰጠው ይችላል። ማቀዝቀዣ፣ ሪኤጀንት፣ የኮምፒውተር መዝገብ አይፈልግም። በኡጋንዳ ጉሉ የተደረገውና ውጤቱ በ2021 መጨረሻ ይፋ የሆነው ጥናት የሩማቲክ ምልክት ኖሯቸው ገና ሕመም ያልጀመራቸውን 818 ሕፃናት ተከታትሎ፣ መርፌውን ከወሰዱት ሕመሙ የገፋው 0.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 8.2 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። እንዲህ ያለ ልዩነት በሕክምና ጥናት ውስጥ በየቀኑ አይገኝም።

እዚህ ላይ የከተማውን ሁኔታ ማየት ግድ ነው። ሩማቲክ የልብ ሕመም የመጨናነቅ በሽታ ነው፤ ስትሬፕቶኮከስ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስትና ሰባት ሰው በሚያድርበት ቤት ከትንፋሽ ወደ ትንፋሽ ይሻገራል። የቂርቆስና የካዛንቺስ አሮጌ የቀበሌ ቤቶች፣ ከትላልቅ ሆቴሎችና ከአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ጀርባ ተጠጋግተው የቆሙት፣ የዚህ ዓይነት መኖሪያ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ ሰፈሩ ፈረሰ፤ ብዙ ነዋሪዎችም በከተማዋ ደቡብ ጫፍ ወዳለው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የጋራ መኖሪያዎች ሄዱ። የሰፋ ቤትና የውሃ ቧንቧ ለስትሬፕቶኮከስ መጥፎ ዜና ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። በየወሩ መርፌ የሚወጋ ሰው ግን በአንድ ጀምበር ጤና ጣቢያውን፣ የሚያውቀውን ነርስ፣ "ካርድሽ የት አለ?" የሚለውን መዝገብ ቤት ትቶ ሄዷል። ለእንዲህ ያለ ሰው የሁለት ወር መቋረጥ ቤት ማደራጀት ብቻ ነው፤ ለተጠገነ በር ግን አደጋ ነው።

መርፌው ራሱም ፍርሃት አለበት። ወፍራም ነው፣ ያማል፤ ፔኒሲሊን ይገድላል የሚለው ስጋት ደግሞ ከታማሚ አልፎ ነርሶችን ይይዛል። አንዳንድ ቦታ "እኛ አንወጋም፣ ሆስፒታል ሂጂ" የሚል መልስ የተለመደ ነው። በ2022 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ያወጣው ምክር ነገሩን ለየት አድርጎ አቅርቦታል፤ በጣም በተዳከመ ልብ ላይ ከመርፌ በኋላ የሚደርሰው ሞት ብዙውን ጊዜ አለርጂ ሳይሆን ልብ ድንጋጤውንና ሕመሙን መሸከም አለመቻሉ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልባቸው በጣም ለደከመ ታማሚዎች የሚዋጥ ፔኒሲሊን፣ ለሌሎቹ ተኝተው፣ በቂ ውሃ ጠጥተው፣ ሕመሙ ተቀንሶላቸው መወጋት ይመከራል። ይህ ምክር በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ መለጠፍ የሚገባው ነው።

ወደ ቀዶ ክፍሉ ስንመለስ፣ ጥገና የሚፈልገው ሌላ ነገር ቋሚ ቡድን ነው። ለአንድ ሳምንት የሚመጣ የበጎ ፈቃድ ቡድን ቀዳዳ ያለበትን የሕፃን ልብ ዘግቶ ቢሄድ ሥራው አልቋል። የሩማቲክ ጥገና ግን ነገ ተነገ ወዲያ አልትራሳውንድ የሚያይ፣ ካልተሳካ መልሶ የሚገባ፣ ያለፈውን ወር ውጤት አስታውሶ የዛሬውን ስፌት የሚለውጥ ሰው ይፈልጋል። ጥቁር አንበሳ ግቢ ያሉት ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞች ዋጋቸው እዚህ ላይ ነው። የውጭ በር ደግሞ እየጠበበ ነው፤ የጣሊያኑ ኢመርጀንሲ በ2007 ካርቱም ላይ የከፈተው፣ ለአካባቢው አገሮች ዜጎችም በነፃ ይሠራ የነበረው የሳላም ማዕከል መንገድ በ2023ቱ የሱዳን ጦርነት ተሰናክሏል።

የገንዘቡም ነገር አለ። የልብና የሳንባ ማሽኑ ላይ የሚገጠመው ኦክሲጅኔተርና ቱቦ፣ ክሩ፣ ቀለበቱ፣ የብረት በሩ ከሞላ ጎደል ሁሉም በዶላር የሚገዙ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከመቶ አልፏል። የታማሚዋ የራሷ የልብ ከረጢት ግን ከውጭ አይገባም። ጥገና ኦክሲጅኔተሩን አያስቀርም፤ የበሩን ዋጋ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የዋርፋሪንና የምርመራ ወጪ ግን ያስቀራል። የሚበላው የቀዶ ሐኪሙን ሰዓትና ትምህርት ነው።

የካቲት 2015 በአዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ሩማቲክ የልብ ሕመምን ለማጥፋት ሰባት እርምጃዎችን የዘረዘረ መግለጫ አወጡ፤ የታማሚዎች መዝገብ፣ የፔኒሲሊን አቅርቦትና የቀዶ ሕክምና ማዕከላት ከነዚያ ውስጥ ነበሩ። በ2018 የዓለም ጤና ጉባኤም የራሱን ውሳኔ አሳለፈ። የጎደለን ሐሳብ እንዳልሆነ ለማየት ግን ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ መውጣት አያስፈልግም። ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል የኤች አይ ቪ መድኃኒት አገልግሎትን ቀድመው ከጀመሩ ሆስፒታሎች አንዱ ነው። በዚያ አሠራር ታማሚ ሰፈር ሲቀይር የዝውውር ወረቀት ይሰጠዋል፤ ተቀባዩ ጤና ጣቢያ ይመዘግበዋል፤ ቀጠሮ ያለፈበት ሰው "ከክትትል የጠፋ" ተብሎ ይቆጠራል፣ ስልክ ይደወልለታል፣ ቤቱ ድረስ የሚሄድም አለ። ነርሶቹ ይህን ሥራ ያውቁታል፤ ቅጹም አለ። ለሩማቲክ ልብ ታማሚ የሚያስፈልገው ያንኑ ቅጽ በሌላ ርዕስ ማተም ነው። በላዩ ላይ የበሩ ጥገና ዓይነትና ቀን፣ መጨረሻ የተወጋችበት ፔኒሲሊን፣ የሚቀጥለው አልትራሳውንድ ቀጠሮ ሊሰፍር ይገባል። አንድ ቅጂ ጥቁር አንበሳ ይቀራል፤ ሌላው ታማሚዋን ተከትሎ፣ ገላን ጉራም ይሁን ሌላ ቦታ፣ አዲሷ ጤና ጣቢያ ይደርሳል።